ሻምላና ቫዮሊን፤ የሼቫልዬ ደ ሴን ዦርዥ የሕይወት ታሪክ

ሁለት እጅ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት ሙያ አለው ለማለት አይቻልም። አንዱን ሙያ እንኳ ጠንቅቆ ለማወቅ የሰው ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ፤ ሁለት ሙያ አጣምሮ ይዞ በሁለቱም ከዘመኑ ሰዎች በላይ ሆኖ የተገኘ ሰው በታሪክ ውስጥ ቢፈለግ ቍጥሩ በጣት የሚቈጠር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ልንገልጽ ያሰብነው ሰው ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ይኸውም በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር በሻምላ ግጥሚያ እጅግ የታወቀ፤ በቫዮሊን አጫዋወቱና በሙዚቃ ድርሰቱም ስሙ የተጠራ ዦዜፍ ቦሎኝ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ሼቫልዬ ደ ሴን ዦርዥ በሚለው የማዕርግ ስሙ ነው።

የዚህን ሰው ታሪክ የመረጥነው በሙያው ብዛት ብቻ አይደለም። ሙያው ሞልቶ ሳለ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ እንዴት እንደ ኖረ ማወቅ፤ በትምህርት ላይ ላሉትና በሥራ ዓለም አዲስ ለገቡት ወጣቶች ሁሉ ጥቅም አለው ብለን ስላመንን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሴን ዦርዥ በዲሴምበር 25 ቀን 1745 በካራይብ ባሕር ውስጥ ባለችው በጓደሉፕ ደሴት ተወለደ። ደሴቲቱ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስትሆን ሀብቷ የሸንኰራ አገዳ ነበር። አገዳውን የሚተክሉትና የሚቈርጡት፤ ስኳሩንም በእሳት ዳር ቆመው የሚያፈሉት ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የመጡ ባሮችና የነሱ ልጆች ነበሩ። የሴን ዦርዥ አባት ዦርዥ ቦሎኝ የሚባል ሀብታም የእርሻ ባለቤት ሲሆን፤ እናቱ ናኖን ግን ከአፍሪካ ዘር የተወለደች የዚሁ ቤት ባሪያ ነበረች። ልጁን ስትወልድ ገና ለጋ ወጣት ነበረች። በ1685 የወጣው የፈረንሳይ የባሮች ሕግ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ እንደ እናቱ ባሪያ ይሆናል ብሎ ይደነግግ ስለ ነበረ፤ ሕፃኑ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ዕድሉ በወረቀት ላይ ተጽፎ ቈይቶታል ማለት ነው።

ነገር ግን አባቱ ልጁን አልካደውም። በ1747 ዦርዥ ቦሎኝ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ ሻምላ እስከ መማዘዝ ደረሰ፤ ሰውየውም በቍስሉ ስለ ሞተ ቦሎኝ ወደ ፈረንሳይ አገር ሸሸ። በሌለበትም የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የንጉሡን ምሕረት አግኝቶ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። በ1753 ደግሞ የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ፈረንሳይ በመሻገር ከትምህርት ቤት አስገባው። ናኖንም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከትላ መጥታ ፓሪስ ላይ ከልጇ ጋር ተገናኘች። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የእርሻ ባለቤቶች እንዲህ ያሉትን ልጆቻቸውን በአገዳው ማሳ ውስጥ ይተዉአቸው እንደ ነበር ሲታሰብ፤ ይህ አባት ያደረገው ነገር ቀላል አልነበረም።

ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው በፓሪስ ስመ ጥር ወደ ነበረው የሻምላ መምህር ወደ ላ ቦዌሲዬር ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ትምህርት ቤት ጧት ጧት የሒሳብ፣ የታሪክ፣ የቋንቋ፣ የሙዚቃና የሥዕል ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ለሻምላ ልምምድ የተመደበ ነበር። የመምህሩ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሻምላ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እንዳስረዳው፤ ሴን ዦርዥ በዐሥራ አምስት ዓመቱ የታወቁትን የሻምላ ተጫዋቾች ማሸነፍ ጀምሮ ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ደግሞ የክንዱ ፍጥነት ዓይን ሊከተለው የማይችል ሆነ። ፈረስ ግልቢያና ዳንስ ያውቃል፤ ዒላማ ተኵሶ አይስትም። በክረምት ወንዝና ኵሬ በረዶ ሲሆን በበረዶው ላይ በመንሸራተት የሚወዳደረው አልነበረም። የሴንን ወንዝ በአንድ ክንዱ ብቻ ዋኝቶ እንደ ተሻገረም ይነገርለታል።

ገና ተማሪ ሳለ ስሙን በፓሪስ ያስጠራው አንድ ነገር ነበር። ፒካር የሚባል የሩዋን ከተማ የሻምላ መምህር በሰዎች ፊት የላ ቦዌሲዬርን ክልስ ተማሪ በቆዳው ቀለም ዘለፈው። የመጣው ስድብ ነውና ወጣቱ መልሱን በአፉ ሳይሆን በሻምላው እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ሩዋን ድረስ ሄዶም ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰውየውን በግልጽ አሸነፈው። አባቱም በዚህ ተደስቶ አንድ ፈረስና ሠረገላ ሸለመው ይባላል።

ይሁን እንጂ ድል ሌላ ሕግ ሌላ ነው። በ1762 በፓሪስ የሚኖሩ ከአፍሪካ ዘር የተወለዱ ሰዎች ሁሉ እየቀረቡ በባሕር ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ እንዲጻፉ ትእዛዝ ወጣ። በሜዳ ላይ የሚጨበጨብለት ወጣትና እናቱ ናኖንም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ተመዘገቡ። የአባቱን የባላባትነት መብት መውረስም ሕጉ ስለማይፈቅድለት፤ ለመኳንንት ልጆች በልደት የሚመጣው ነገር ሁሉ ለሱ በሥራ ብቻ የሚመጣ ሆነ። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ከንጉሡ የክብር ዘበኞች መካከል ገብቶ ሼቫልዬ እየተባለ መጠራት ጀመረ።

በሴፕቴምበር 1766 ፋልዶኒ የሚባለው ስመ ጥር የኢጣልያ የሻምላ ሊቅ ፓሪስ ድረስ መጥቶ ከሴን ዦርዥ ጋር ገጠመ። በዚያ ቀን ያሸነፈው ፋልዶኒ ነው። ነገር ግን አሸናፊው ራሱ ከግጥሚያው በኋላ ለተሸናፊው ምስጋና ነፍጎ አልሄደም፤ በአውሮፓ ከሱ በላይ የሚሆን ሰው ይህ ወጣት መሆኑን መሰከረለት። ሴን ዦርዥም በመሸነፉ አላኰረፈም፤ ከሜዳውም አልራቀም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሙያው እንለፍ። ቫዮሊንን ከማን እንደ ተማረ በርግጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ ባይገኝም፤ በ1764 ሎሊ የተባለው ኢጣልያዊ የቫዮሊን ሊቅ ሁለት ኮንሴርቶዎችን ደርሶ ለሱ መታሰቢያ ማድረጉ፤ በ1766 ደግሞ ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ጎሴክ ስድስት ድርሰቶቹን በስሙ ማበርከቱ፤ ወጣቱ ገና በሃያ ዓመቱ ከሙዚቃ ሊቃውንት ጋር የሚቈጠር እንደ ነበረ ያስረዳል። ሌሎች በሻምላ ሲያደንቁት እሱ ሌሊቱን በቫዮሊን ልምምድ ያሳልፍ ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት በእንቅልፍ አይገኝምና።

በ1769 ጎሴክ ኮንሴር ዴዛማተር የተባለውን የሙዚቃ ጓድ ባቋቋመ ጊዜ ሴን ዦርዥ ከቫዮሊን ተጫዋቾቹ አንዱ ሆነ። በ1772 የራሱን ድርሰት፤ ሁለት የቫዮሊን ኮንሴርቶዎችን፤ ራሱ ተጫውቶ ለሕዝብ አሰማ። በሚቀጥለውም ዓመት ጎሴክ ወደ ሌላ ጓድ ሲዛወር የዚህን ሙዚቃ ጓድ መሪነት ለሴን ዦርዥ አስረከበው። በሱ መሪነት ጓዱ በፓሪስ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ፤ በአውሮፓም ከታወቁት ውስጥ የሚቈጠር ለመሆን በቃ።

የድርሰቶቹንም ነገር ጥቂት እንመልከት። በ1773 ያሳተማቸው ስድስት ኳርቴቶች፤ ይኸውም ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ አብረው የሚጫወቱአቸው ድርሰቶች፤ በፈረንሳይ ምድር ከተጻፉት ኳርቴቶች ከመጀመሪያዎቹ የሚቈጠሩ ናቸው። የቫዮሊን ኮንሴርቶዎቹ ደግሞ የተጫዋቹ ግራ እጅ እስከ ገመዱ ጫፍ ድረስ እንዲወጣ፤ ቀኝ እጁም ደጋኑን በፍጥነት እንዲያዘልል የሚያስገድዱ ስለ ሆኑ፤ የደራሲው ክንድ በሻምላ የሠለጠነ መሆኑ በሙዚቃውም ውስጥ የሚታወቅ ይመስላል። በዝግታ በሚሄደው መካከለኛው ክፍል ግን ያ ሁሉ ፍጥነት ቀርቶ ዜማው እንደ ሰው ድምፅ የሚያዝን ይሆናል።

በ1776 በሕይወቱ ውስጥ ታላቁ ፈተና ደረሰበት። የፓሪስ ኦፔራ በዕዳና በአመራር ጕድለት ተቸግሮ ነበርና ሴን ዦርዥ ዲሬክተር ሆኖ እንዲያስተዳድረው ታሰበ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ነበር፤ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ፤ የሠለጠነ የጓድ መሪ፤ ሥራ ሠርቶ ያሳየ ሰው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የመራው ጓድ ምስክሩ ነው። ነገር ግን ከኦፔራው የታወቁ ሴቶች ዘፋኞችና ዳንሰኞች መካከል ጥቂቶቹ ለንግሥት ማሪ አንቷኔት አቤቱታ ጻፉ። በአቤቱታቸውም ከክልስ ሰው ትእዛዝ መቀበል ለክብራቸውም ለኅሊናቸውም የማይስማማ መሆኑን አመለከቱ። ስለ ሙያው አንድም ነቀፋ አላቀረቡም፤ ሊያቀርቡም አይችሉም ነበር።

ሴን ዦርዥ ነገሩ ንግሥቲቱን እንዳያስቸግር ብሎ ሐሳቡን ተወ። ንጉሡ ሉዊ 16ኛም ኦፔራውን ለቤተ መንግሥት ሹማምንት አስረክቦ ጉዳዩን በዚያው ዘጋው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አቤት ባይዎቹ የፈለጉት ሆነ፤ ኦፔራው ግን ያጣው ምን እንደ ሆነ የመዘነ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ቆም ብለው እንዲያስቡበት እንፈልጋለን። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ቂም ይዞ ሥራን መተው ሲሆን ሁለተኛው ሥራውን መቀጠል ነው። ሴን ዦርዥ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። በ1777 ላክሎ የተባለው መኰንንና ደራሲ ቃሉን የጻፈለትን ኤርነስቲን የተባለውን የመጀመሪያ ኦፔራውን አቀረበ። ሙዚቃው ቢመሰገንም የቲያትሩ ቃል ደካማ ስለ ነበረ ከአንድ ምሽት በላይ አልቆየም። ይህም አላስደነገጠው። በ1780 ስሙን የሠወረ አፍቃሪ የሚል ትርጕም ያለውን ኦፔራ ማዳም ደ ሞንተሶን በምታስተዳድረው ቲያትር አሳየ። ከኦፔራዎቹ መካከል እስከ ዘመናችን ሙሉውን የደረሰልን ይህ ብቻ ነው። በፍቅር የተያዘ ሰው ማንነቱን ሳይገልጽ የሚወዳትን ሴት ሲያገለግል የሚያሳየውን ይህን ታሪክ ስንመለከት፤ በ1778 ነጭና ጥቍር በፈረንሳይ ምድር እንዳይጋቡ የሚከለክል ሕግ መውጣቱን፤ ሴን ዦርዥም ዕድሜውን ሙሉ ሚስት ሳያገባ መኖሩን ማስታወሳችን አይቀርም።

ዝናው ግን ባሕር ተሻግሮ ነበር። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚደንት የሆነው ጆን አዳምስ በ1779 በፈረንሳይ ሳለ፤ በግልቢያም በተኵስም በሻምላም በዳንስም በሙዚቃም በአውሮፓ ተወዳዳሪ የሌለው ሰው መሆኑን እንደ ሰማ በዕለት ማስታወሻው ላይ ጽፎለታል።

በ1781 ኮንሴር ዴዛማተር ገንዘብ አጥቶ ሲዘጋ ሴን ዦርዥ ከነሙዚቀኞቹ ወደ ሎዥ ኦሊምፒክ ተዛወረ። የዚህ ማኅበር አለቆች ኦስትሪያዊው ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ሃይድን ስድስት ሲምፎኒዎችን እንዲጽፍላቸው አሰቡና ለያንዳንዱ ሲምፎኒ 25 የወርቅ ሉዊ ከፈሉት፤ ይህም በዚያ ዘመን ለአንድ ሲምፎኒ ከፍ ያለ ዋጋ ነበር። ዛሬ የፓሪስ ሲምፎኒዎች እየተባሉ በዓለም ሁሉ የሚሰሙት፤ ከቍጥር 82 እስከ 87 ያሉት ድርሰቶች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የተሰሙት በሴን ዦርዥ መሪነት ነው። ኦፔራን እንዳይመራ የተከለከለው ሰው በዘመኑ የታላቁን ደራሲ ሥራ ለዓለም አስተዋወቀ ማለት ነው።

በኤፕሪል 9 ቀን 1787 ደግሞ በሎንዶን ከተማ የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ባለበት ከሼቫልዬ ዴዮን ጋር በሻምላ ገጠመ። ዴዮን ቀድሞ የፈረንሳይ ወታደርና ዲፕሎማት የነበረ፤ በዚያን ጊዜ ግን የሴት ልብስ ለብሶ የሚኖር የ58 ዓመት ሰው ነበር። በቀሚሱ ውስጥ ሆኖም ሴን ዦርዥን ደጋግሞ መንካቱ ተመልካቾቹን አስደነቃቸው። የግጥሚያው ሥዕል እስከ ዛሬ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤት ይገኛል።

በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲነሣ የሰው ልጆች ሁሉ በመብት እኩል መሆናቸው ታወጀ። ይህ ቃል ለሌላው ሰው የፖለቲካ ቃል ሊሆን ይችላል፤ በባሮች መዝገብ ለተወለደ ሰው ግን የልቡ ጕዳይ ነው። ሴን ዦርዥም በቤተ መንግሥት ወዳጆች የነበሩት ቢሆንም ከአብዮቱ ጐን ተሰልፎ በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በሊል ከተማ የሕዝብ ዘብ ጦር ውስጥ ገባ። በሴፕቴምበር 1792 ከቅኝ ግዛቶቹ የመጡ ጥቍሮችና ክልሶች የሚሰለፉበት ክፍለ ጦር እንዲቋቋም በምክር ቤቱ ሲወሰን፤ ሴን ዦርዥ በኮሎኔልነት አዛዡ ሆነ፤ ሕዝቡም ጦሩን የሴን ዦርዥ ሌጌዎን እያለ ጠራው። ከመኰንኖቹ አንዱ እንደሱ ከባሪያ እናት የተወለደው አሌክሳንድር ዱማ ነበር። ይህ ሰው በኋላ ጄኔራል ሆኗል፤ ስመ ጥሩው የልብ ወለድ ደራሲ ዱማም ልጁ ነው።

በኤፕሪል 1793 የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዱሙሪዬ አገሩን ከድቶ ከኦስትሪያ ጋር ተስማማ። ሊልንም ይዞ እንዲያስረክብ ሚያዚንስኪ የሚባለውን ጄኔራል ላከው። ሴን ዦርዥና ዱማ ግን በክሕደቱ አልተባበሩም፤ ይልቁንም ለከተማው ሹማምንት አስታውቀው መልእክተኛው እንዲያዝ አደረጉ። ሊልም ተረፈች።

ለዚህ ውለታ የተከፈለው ዋጋ ግን መራራ ነበር። ዘመኑ ሰው በሰው ላይ የሚጠቋቈምበት ዘመን ሆነና ሴን ዦርዥ በጦሩ ገንዘብ አባክኗል ተብሎ ተከሰሰ። የቀድሞ የቤተ መንግሥት ወዳጅነቱም አልረዳውም። በሴፕቴምበር 1793 ከማዕርጉ ተሽሮ ብዙ ሳይቈይ ታሰረ። ዐሥራ አንድ ወር ያህል በእስር ቤት ከቈየ በኋላ በ1794 መጨረሻ ላይ ተለቀቀ። ነጻ ሲወጣ ጦሩን እንዲመልሱለት ደጋግሞ ቢያመለክትም አልተሳካለትም። በልጅነቱ ቀለሙን ምክንያት አድርገው በሩን የዘጉበት፤ በጕልምስናው ደግሞ የመኳንንት ወዳጅ ነህ ብለው የዘጉበት፤ ያው አንድ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወደ ቀድሞ ጓደኛው ወደ ቫዮሊን ተመለሰና በፓሪስ አዲስ የሙዚቃ ማኅበር መራ። ማዕርጉ፣ ጦሩና ገንዘቡ ሲሄዱ የቀረለት በሁለት እጁ ላይ ያለው ዕውቀት ብቻ ነበር፤ እሱን ማንም ሊሽረው አልቻለም። በጁን 1799 በፊኛ ሕመም ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር።

ከሞተም በኋላ መከራው አልተወውም ለማለት ይቻላል። በ1794 ፈረንሳይ ባርነትን ሽራ ነበር፤ በ1802 ግን ናፖሌዎን በቅኝ ግዛቶች መልሶ አቋቋመው። ጄኔራል ሪሽፓንስም ወደ ጓደሉፕ ተልኮ ነጻነታችንን አንሰጥም ያሉትን በኀይል ጨፈለቀ። የሴን ዦርዥ ሙዚቃም በዚያው ዘመን ተረሳ፤ ድርሰቶቹ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቈዩ። በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሊቃውንት ፈልገው አወጡአቸውና ዛሬ በብዙ አገር እንደ ገና ይሰማሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ በፓሪስ ከተማ በዚያው በጄኔራል ሪሽፓንስ ስም ይጠራ የነበረ አንድ መንገድ ነበር። በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የከተማው ምክር ቤት ያን ስም አንሥቶ መንገዱን ሼቫልዬ ደ ሴን ዦርዥ ብሎ ሰየመው።

የኦፔራው ሹመት የሌላ ሰው ሆነ፤ የዚያ ሹም ስም ግን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። የሴን ዦርዥ ሥራ ግን የሱ ሆኖ ቀረ። እኛም ከዚህ ታሪክ የምንማረው፤ ወንበር ሰጪም ነሺም እንዳለው፤ ዕውቀት ግን ባለቤቱን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑን ነው። ፍርድ የሚዛባበት ጊዜ አለ፤ መዛባቱንም አይተን ዝም ልንል አይገባም። ነገር ግን ፍርዱ እስኪቃና ድረስ ቫዮሊኑን ከእጁ ያላስቀመጠ ሰው፤ ፍርዱ የተቃና ዕለት ባዶ እጁን አይገኝም።